ለኮምቦልቻው የቶርኖ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ደሴ ውስጥ የወፍጮ መለዋወጫ የምንሠራበት ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) በኢንች ልክ የተሠራ አሮጌ የእንግሊዝ ማሽን ሲሆን፣ ከቀድሞው ባለቤት ስንረከበው አብሮት በመጣው ሳጥን ውስጥ ቦታው የማይታወቅ አንድ ትልቅና ቀጭን ጊር ነበረበት። ማሽኑ ላይ ካሉት ጊሮች ሁሉ ስለሚተልቅ የሌላ ማሽን ነው ያሉን ብዙዎች ናቸው፤ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ እንድንሸጠው የመከሩንም አልጠፉም። ምንነቱን ለይተው የነገሩን ኮምቦልቻ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ የቶርኖ ባለሙያ ስለሆኑ፣ በአደባባይ ላመሰግናቸውና ተመሳሳይ ችግር ለገጠመው ሁሉ ልጠቁማቸው እወዳለሁ።

ጊሩን እንደተቀበሉኝ የደረቀውን ግሪስ በናፍጣ አጥበው፣ አንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው መቁጠር ጀመሩ። 127 ሆነ፤ ደግመው ቢቆጥሩትም ያው 127። «አብሽር ልጄ፣ ይሄ የራሱ የማሽንህ ነው፤ እንዳትሸጠው» አሉኝ። ምክንያቱንም ወረቀት ላይ እየጻፉ አስረዱኝ፦ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ 5 ኢንች ልክ 127 ሚሊሜትር ይመጣል፤ 127 ደግሞ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ስለማይካፈል፣ በኢንች የተሠራ ቶርኖ የሚሊሜትር ብሎን ያለ ምንም ልዩነት እንዲያወጣ ይህ ጊር ወይም ብዜቱ የግድ ያስፈልገዋል። ያለዚህ ጊር፣ ልኩን በሚያቀራርቡ ሌሎች ጊሮች የምናወጣው የብሎን ጥርስ አጭር ብሎን ላይ ደህና መስሎ፣ ረጅሙ ላይ ግን ዳዶው ጥቂት ከሄደ በኋላ ይነክስ የነበረው ለካ በዚህ ምክንያት ነው።

እርሳቸው በመንገር ብቻ ሳይወሰኑ ደሴ ድረስ መጥተው ገጠሙልን። የማሽናችን ሊድ ስክሩ (መቁረጫውን የሚገፋው ረጅም ብሎን) በአንድ ኢንች 4 ጥርስ ያለው ስለሆነ፣ ከስፒንድሉ (የሚቆረጠውን ብረት ይዞ ከሚያዞረው ክፍል) እኩል በሚዞረው ዘንግ ላይ ባለ 30 ጥርሱን፣ ሊድ ስክሩ ላይ ባለ 127ቱን አስረው፣ በመካከላቸው አገናኝ ጊር አስገብተው የሙከራ ብረት ቆረጡ። በካሊፐር ሲለኩት 10 ጥርስ 15 ሚሊሜትር መጣ፤ ይኸውም ገበያ ላይ ያለው የ10 ሚሊሜትር ብሎን መደበኛ ልክ ነው፤ ዳዶውም እስከ መጨረሻው በእጅ ተሽከርክሮ ገባ።

ከሙያቸው ይልቅ ያስደነቀኝ ጥንቃቄያቸው ነው፤ አብሬ የወሰድኩትን ሌላ ትንሽ ዕቃ «ማሽኑን ሳላይ አልናገርም» ብለው አቆይተውታል። የተቀበሉኝም የመግጠሚያውን ዋጋና የትራንስፖርቱን ብቻ ነው።

አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ስትሄዱ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን፣ የማሽኑን የስም ሰሌዳ ፎቶና የሊድ ስክሩን ልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።