ደብረ ብርሃን ላይ የትዳር ቪዛ ሰነድ ለምታስተረጉሙ

ባለቤቴ ሜልበርን ነው። ለአውስትራሊያ የትዳር ቪዛ፣ 309 ለሚባለው፣ ሰነዶቼን ያስተረጎምኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ነው።

ልጅቷ ቀን ላይ አትቀልድም። ሰርጋችን ጥር 12 ቀን 2016 ነበር። ሌላ ቤት ጃንዋሪ 20 ብለው ጽፈውልኛል። እሷ ገና ስታየው፣ «እህቴ፣ የ2015 ጳጉሜን እኮ ስድስት ነበረች፤ አንድ ቀን ይገፋል» አለችኝ። ጃንዋሪ 21፣ 2024 አደረገችው። የሰርጉ ፎቶዎች ስልኬ ላይ የያዙትም ይህንኑ ቀን ነው። የምስክር ወረቀቱ ሌላ፣ ፎቶው ሌላ ቢል ማን ያምነናል? ከግርጌው ደግሞ ስሟን፣ አድራሻዋን፣ ስልኳንና የትምህርት ማስረጃዋን ሳልነግራት በእንግሊዝኛ አሰፈረች። ከአውስትራሊያ ውጭ ያለ ተርጓሚ ይህን መጻፍ አለበት።

ምክሯን ግን እለፉት። «የሰርግ አልበሙን ላኪ፣ በቃ» ባይ ናት። ቪዛው ሲወሰን የሚታየው እኮ አራት ነገር ነው፦ የገንዘብ ጉዳያችሁ፣ የቤት ኑሯችሁ፣ ሰው እንደ ባልና ሚስት ያውቃችሁ እንደሆነ፣ አንዳችሁ ለሌላው ያላችሁ ቁርጠኝነት። እኔ የሐዋላ ደረሰኙን፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝሩን፣ አንኮበር እናቱ ቤት ስንከርም የተነሳነውን ፎቶ ጨመርኩ። እማማ ቡና እየቆሉ፣ እኔ ረከቦቱን ስዘረጋ የሚያሳየው ከሙሽራ ቀሚሴ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሽማግሌ ሆነው የመጡት አጎቱም የሚያውቁትን ጽፈው ፈረሙ።

ዋጋዋ ደህና ነው። ስካነሯ ግን ክቡን ማኅተም ያጠቁረዋል፤ ስካን ሌላ ቦታ አስደርጉ። ቅዳሜ ወረፋው አይጣል ነው፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።