«ማይካ» ብለው የምግብ ቀለም ሸጡልኝ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የቤት ውስጥ ሳሙና መሥሪያ «ሙሉ ኪት» የሚሸጡትን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ቲክቶክ ላይ ያን ዥጉርጉር ሳሙና በሽቦ ሲቆርጡት የሚያሳዩት፣ ዋጋ ስትጠይቁ «ኢንቦክስ» የሚሉት። ብሩ በቴሌብር እስኪገባ ድረስ ውዴ ነሽ፣ የኔ ቆንጆ ነሽ። ከገባ በኋላ መልእክትሽ ይነበባል፣ መልስ ግን የለም።

የከፈልኩት 6,500 ብር ነው። ኪቱ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ (ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ኬሚካል)፣ «ንጹህ የኮኮናት ዘይት»፣ ሽቶ፣ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ እና አምስት ዓይነት «ማይካ»፣ ማለትም ብልጭ ብልጭ የሚል የሳሙና ማቅለሚያ ዱቄት፣ አለ። ለእንቁጣጣሽ ባዛር ነበር ያሰብኩት። ነጭ ሳሙናማ ማንም ይሸጣል፤ እኔ የፈለግኩት ዥጉርጉሩን ነው። የሱ ነገር ደግሞ ሁሉም ቀለሙ ላይ ነው። ሊጡ (ዘይቱና በውሃ የተበጠበጠው ኮስቲክ ሲደባለቁ የሚሆነው) ገና ቀጭን ሳለ ትከፋፍሉትና እያንዳንዱን በየቀለሙ ታቀልሙታላችሁ። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ እያፈሰሳችሁ በቀጭን እንጨት ሳብ ሳብ ታደርጉታላችሁ። ቀለሞቹ ሳይዋሃዱ እንደ እብነ በረድ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ሊጡ ቶሎ ከወፈረ አለቀ፣ መስመር አይወጣም።

የኔ ሊጥ አልወፈረም፣ ጥሩ ነበር። ቀዩ ግን ሊጡ ውስጥ እንደገባ ዓይኔ እያየ ቡኒ ሆነ። ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ዞረ። በማግስቱ ከቅርጹ ሳወጣው ደግሞ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ፈሷል፣ ጠርዝ የሚባል ነገር የለም። አንድ ወጥ ጭቃማ ነገር ሆኗል።

ለምን መሰላችሁ? አዲስ የተደባለቀ የሳሙና ሊጥ ከኮስቲኩ የተነሳ ኃይለኛ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። የምግብ ቀለም አብዛኛው ይህን አይችልም፤ ወይ ይለወጣል፣ ወይ ይጠፋል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነም ሳሙናው ውስጥ እየተሰራጨ መስመሩን ያጠፋዋል። ማይካ ግን የተፈጨ ማዕድን ነው፤ በላዩ ላይ ነው ቀለም የሚለበሰው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ብልጭ ብልጭ እያለ ይንሳፈፋል፣ ቆይቶ ታች ይዘቅጣል።

ይዤው ሄድኩ። ሱቁ መርካቶ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ካሸር ላይ ተቀምጣለች፣ አንድ ልጅ ደግሞ ዕቃ እያሸገ ነው። «ውዴ» የምትለኝ ባለቤቷ የለችም። የለችም አሉኝ እንጃ።

«ኮስቲክ አብዝተሽ ነው» አለኝ ልጁ፣ ሳሙናውን ቀና ብሎ ሳያይ።

በግራም ሚዛን መዝኜ ነው የጨመርኩት አልኩት።

«እንግዲያውስ እጅሽ ነው። ለአንዳንድ ሰው እጁ እሺ አይልም።»

ጠላ መሰለው።

ውሃ ስጡኝ አልኩ። ካሸሯ የፕላስቲክ ብርጭቆ ላይ ከሃይላንድ ቀድታ ገፋ አደረገችልኝ፤ የጠማኝ መስሏት ይሆናል። አረንጓዴውን «ማይካ» ገና አልከፈትኩትም ነበር። እነሱው ፊት ቀደድኩና ቆንጠር አድርጌ ውሃው ላይ ጣልኩት። ሳላማስለው ክር እየሠራ ወረደ። ወዲያው ውሃው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ብልጭታ የለም፣ የዘቀጠ ነገር የለም። አጠገቤ የላርጎ መሥሪያ ዕቃ ልትገዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ እሷም አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ይሄ ማይካ ነው? አልኩት።

«ታዲያ ቀለም ውሃ ካላቀለመ ምን ሊያደርግ ነው?»

ማይካ አይሟሟም፣ ይሄ ምንድነው ያሸጋችሁልኝ? ስለው ብርጭቆውን በእጁ ወደኔ ገፋው። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «አትፍሪ፣ ከፈለግሽ ጠጪው፣ አይገድልም። የምግብ ነው እኮ።»

ካሸሯ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ገና ሲያሽግ የነበረው ከረጢት ላይ «የሳሙና ማይካ፣ ደረጃ አንድ» የሚል ስቲከር ተለጥፎበታል፤ እጁን እንኳ አላቆመም። እየሳቀ ቀጣዩን ለጠፈ። ከብሩ በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የሚያውቅ ሰው ነው። እጅሽ ነው ሲለኝ ዕቃው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ብሬን መልሱ አልኩ። ካሸሯ በጣቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየችኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኝ አለሽ? አለችኝ ደግሞ። ደረሰኝ ስጡኝ ስል «ሲስተም የለም» ያለችኝ ራሷ ናት! የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል ብላት «ሂጂና ክሰሺና» ብላ ስልኳን መነካካት ቀጠለች። ላርጎ ልትገዛ የመጣችው ሴት ግን ሳትገዛ ወጣች። እሷን እግዜር ይስጣት።

ቀለሙስ ይሁን፣ ቢበዛ ሳሙናው ያስቀይማል። ዘይቱ ነው የሚያስፈራው። አንድ ኪሎ የኮኮናት ዘይት ወደ 180 ግራም ኮስቲክ ይፈልጋል። ፓልም ዘይት ግን ወደ 140 ግራም ይበቃዋል። ለኮኮናት ብላችሁ መዝናችሁ ዕቃው ፓልም ከሆነ፣ በኪሎ 40 ግራም የሚሆን ኮስቲክ የሚይዘው ዘይት አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ያ ደግሞ ሰው ፊቱን የሚታጠብበት ነው። የኔን ሳሙና በምላሴ ጫፍ ስነካው ነዘረኝ። «አቆይው፣ ሲበስል ይተዋል» ብለውኛል። ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየቱ እውነት ነው፤ ያን ያህል ትርፍ ኮስቲክ ግን በማቆየት አይጠፋም። ዘይቱን ኋላ መዳፌ ላይ አድርጌ ጨበጥኩት። ኮኮናት 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ እጅ ላይ ወዲያው ውሃ ይሆናል። ይሄኛው እንደ ደረቀ ቀረ። መጥበሻ ላይ የምናውቀው ፓልም ነው ብዬ ነው የማምነው።

እና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሳትከፍሉ «ማይካውን» ውሃ ውስጥ፣ ዘይቱን መዳፋችሁ ላይ ሞክሩ። እምቢ ካሉ ውጡ። ደረሰኝ የሌለበት ቦታ አትክፈሉ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ አብሮ የሚሰጡት ወረቀት ኮስቲኩን «በብረት ድስት በጥብጡ» ይላል። እንዳትሰሟቸው። የቤታችን ብረት ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ስቴንለስ ወይም ሙቀት የሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ኮስቲኩን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኮስቲኩ ላይ አታፍስሱ።