ነፃ ኢሜል ስንት ያስከፍላል? ጂሜይል፣ አውትሉክ፣ ያሁ ወይስ ፕሮቶን

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፕሪንት፣ ስካን፣ ሲቪ መጻፍ፣ የኦንላይን ፎርም መሙላት። የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ወረፋው ደጅ ይደርሳል። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ፎርሙ ላይ ኢሜል የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ይሉና "ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?" ይሉኛል። ጋሼ የምባልበት ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ ይሄ ሥራ ነው ያደረሰኝ።

መልሴን አላቆያችሁም፤ ጂሜይል ነው። አራቱንም ተጠቅሜያለሁ፣ ሁለቱ እስካሁን ስልኬ ላይ አሉ። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን አላመነታም። "ለምን?" ለሚሉኝ ሁሉ በየቀኑ መድገም ስለሰለቸኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ሰው ስለ ስፓም፣ ማለትም ሳይጠራ ስለሚመጣው ደብዳቤና ስለሚጣልበት ሳጥን፣ ሲያማርር "ቆሻሻ በዛብኝ" ነው የሚለው። እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ነው። የእህቴ ልጅ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ኢሜል የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ። የማን ኢሜል እንደነበር ልተወው፤ እንደምታዩት ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረም። ለጽሑፍ ፈተና የጠራት ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ አገኘነው። ፈተናው ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነበር። እህቴ ቡና እየቀዳች "አንተ አይደለህ እንዴ ኮምፒውተር አውቃለሁ የምትለው?" አለችኝ። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

በኋላ ደብዳቤውን ከፍቼ መረመርኩት። የላከው መሥሪያ ቤት የራሱ አድራሻ አለው፤ መታወቂያ ግን የለውም። ምን ማለት ነው? ኢሜል የሚልክ ድርጅት ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። ኤስፒኤፍ የሚባለው "በስሜ ደብዳቤ ማድረስ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው" የሚል ዝርዝር ነው። ዲኪም ማኅተም ነው፤ መንገድ ላይ ጽሑፉ ከተነካካ ይፈርሳል። ዲማርክ ደግሞ እነዚህ ካልተሟሉ ደብዳቤው ይለፍ፣ ስፓም ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግረዋል። ይሄኛው መሥሪያ ቤት አንዱንም አላስተካከለም። በር ላይ ያለ ዘበኛ መታወቂያ የሌለውን ሰው ቢያቆመው ምን ይፈረድበታል?

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ዘበኞቹ ጠብቀዋል። ጂሜይልና ያሁ ተስማምተው ደንብ አወጡ። ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ የሚልክ ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟላ፣ አንዴ ተጭነው ከዝርዝሩ የሚወጡበትን መንገድ እንዲያስቀምጥ፣ ተቀባዮች ስፓም ነው ብለው የሚጠቁሙበት መጠንም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን። ትንሹም ላኪ ቢያንስ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱን ይዞ መምጣት አለበት። አውትሉክ በሜይ 2025 ተከተላቸው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ይህን አስተካክሉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

እና ማጣሪያን የምመዝነው ባስቀረው ቆሻሻ ብቻ አይደለም። የዋጠውን ደህና ደብዳቤ እንዴት እንደሚመልስልኝም አያለሁ። ጎግል ከ99.9 በመቶ በላይ ስፓም፣ ማጭበርበሪያና ቫይረስ አስቀራለሁ ይላል። ይበል፤ እኔ አልቆጠርኩም። የምወድለት ግን ስፓም ውስጥ የገባውን ስትከፍት ለምን እንደገባ ከላይ መጻፉን ነው። "ስፓም አይደለም" ስትለው ይማራል። ላኪውን ስልክህ አድራሻ ዝርዝር ውስጥ ካስገባኸው ደግሞ የበለጠ ያምነዋል። ስፓም ውስጥ የገባ ነገር 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ራሱ ይሰርዘዋል። ሥራ ለሚፈልግ ልጅ የምሰጠው ምክር እንግዲህ ይሄው ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን ስፓም ክፈት።

ስፓም ክፈት ስል ግን እንደ ሐጂ አይደለም።

ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቡና ነጋዴ። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው መጡና "ይሄን ፕሪንት አድርግልኝ፣ ገዢ መጣልኝ" አሉኝ። ሳየው ደብዳቤው ስፓም ውስጥ ነበር፤ ጎትተው ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ኮንቴነር ጅማ 5 የሚባለውን የቡና ደረጃ ይፈልጋል። ውሉ ተያይዟል። ቢነኩት ግን ውል የለም፤ ቁርጥ የጂሜይልን መግቢያ የመሰለ ገጽ ይመጣና ፓስወርድ ይጠይቃል። የላኪውን አድራሻ አጉልቼ አሳየኋቸው። የታወቀ ኩባንያ ስም ይመስላል። ኤም የመሰለችው ፊደል ግን አር እና ኤን ተጠጋግተው የተጻፉ ናቸው። በትንሽ ስልክ ላይ እኔም አላያትም ነበር።

"ሐጂ፣ ይሄ ስፓም የገባው ያለ ምክንያት አይደለም።"

"አንተ ልጅ፣ ገዢዬን ነው ስፓም የምትለው?"

ዝም ብዬ የሚከፍለውን ዋጋ አነበብኩላቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። "ጅማ 5ን በዚህ ዋጋ የሚገዛ ጤነኛ የለም" አሉ። እኔ በፊደሉ፣ እሳቸው በቡናው፣ ሁለታችንም አንድ ቦታ ደረስን። ፕሪንቱን ግን አላስከፈልኳቸውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ነፃ ነው እየተባለ ኪስ የሚገባው በሦስት በኩል ነው።

አንደኛው ዳታ ነው። ነጋዴዎች የሚልኩት ማስታወቂያ ፎቶ የበዛበት ነው፤ በከፈትከው ቁጥር ፓኬጅህን ይበላል። ጂሜይል ላይ ምስል ከማሳየትህ በፊት ጠይቀኝ የሚል ምርጫ አለ። እሱን አብሩ። ዳታም ይቆጥባል፣ ላኪውም ደብዳቤውን መክፈታችሁን በምስሉ በኩል አያውቅም። የቀድሞው የጂሜይል ቀላል ገጽ ግን በ2024 መጀመሪያ ቀረ። እሱ ሲቀር የጅማ ሰው ተጎድቷል ብዬ አምናለሁ። ኔትወርክ በደከመ ቀን እንኳ ይከፈት ነበር። ያሁ ደግሞ ነፃው አፕ ላይ ከደብዳቤው መሐል ማስታወቂያ ይሰገስጋል፤ ዳታ ለሚቆጥር ሰው አይመችም።

ሁለተኛው ቦታ ነው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምር 1 ጊጋባይት ሰጠ። ያኔ ሆትሜይል 2 ሜጋባይት፣ ያሁ 4 ሜጋባይት ነበሩ። ቀኑ ኤፕሪል 1 ስለነበር ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ዛሬ 15 ጊጋባይት ነው። ይበቃል ትላላችሁ? አይበቃም። ምክንያቱም 15ቱ የኢሜሉ ብቻ አይደለም፤ የጎግል ፎቶውም፣ ፋይል ማስቀመጫው ድራይቭም ይካፈሉታል። ፎቶ ከቦታው ሳይቆጠር ማስቀመጥ በጁን 2021 ቆመ። የአንድሮይድ ዋትስአፕ ባክአፕም ከ2024 ጀምሮ ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። ቦታው ሲሞላ ኢሜል መግባት ያቆማል። ሰውየው "ኢሜሌ ተበላሸ" ብሎ ይመጣል፤ ስከፍተው የሠርግ ቪዲዮ ሞልቶታል። ዋትስአፕ ላይ ቪዲዮው ባክአፕ እንዳይሆን አጠፋና ትልልቅ አባሪ ያላቸውን አሮጌ ደብዳቤዎች እሰርዝለታለሁ። ሃምሳ ብር።

ቦታ ግዛ ይላችኋል፤ አትግዙ። 100 ጊጋባይት አሜሪካ ውስጥ በወር 1.99 ዶላር ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረ ጊዜ 113 ብር ገደማ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ 100ን ሲያልፍ ይኸው ቦታ በወር 200 ብር፣ በዓመት 2,400 ብር ሊሞላ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጭማሪ እናንተ ደምሩ። በዚያ ላይ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ማን አለው? በደላላ ካርድ የሚያስከፍሉ አሉ፤ እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ይጨምራሉ። የሠርጉን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ አድርጉት።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚብሰው፣ ጥገና ነው።

ብዙ ሰው ኢሜል አለኝ አይልም፤ ስልኩ ግን ጂሜይል አለው። ቀፎ ሲገዛ ሞባይል ቤት የከፈቱለት ነው። ፓስወርዱን አያውቅም። የማስመለሻ ስልኩ የሞባይል ቤቱ ልጅ ቁጥር ነው። ስልኩ አንድ ቀን ይጨናነቅና በግድ ሪሴት ያደርገዋል። ተመልሶ ሲበራ ቀፎው "የድሮውን ጂሜይል አስገባ" ብሎ ይቆማል። ሌባን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ አለ። ባለቤቱን ግን እንደ ሌባ ያስቆመዋል።

እኔ ራሴ ተበልቻለሁ። መርካቶ ያገለገለ ስልክ ገዛሁ፤ ዋጋው ረከሰልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ። ማታ ቤት ሪሴት ሳደርገው ጂሜይል ጠየቀ። ሻጩ ስልኩን አያነሳም። ጂሜይል አጠፋለሁ የሚል ልጅ 700 ብር ተቀበለኝ። ከፈተውም። ሦስት ሳምንት ሠርቶ አንድ ጠዋት በራሱ ጊዜ እየጠፋ መብራት ጀመረ። ምን እንደጫነበት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንደዚህ ባለ ስልክ ላይ ኢሜል ወይም የባንክ አፕ መክፈት ቤትን ክፍት ትቶ ቁልፉን ማስቀየር ነው። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን ያውጣ፣ ፊታችሁ ሪሴት ያድርግ፣ እስከ መጨረሻው ይብራ፣ ከዚያ ብር ቁጠሩ።

የጠፋ አካውንት በክፍያ አስመልሳለሁ የሚሉ ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል። ፎርጂድ ናቸው። ለአንድ ደንበኛዬ ብዬ 800 ብር ልኬ ቀርቻለሁ። ጂሜይል የሚመለሰው በጎግል የማስመለሻ ገጽ ብቻ ነው፤ ብር አይጠየቅም። ድሮ በምትጠቀሙበት ስልክ፣ ድሮ በምትሆኑበት ቦታ ሆናችሁ ሞክሩ። የምታስታውሱትን አሮጌ ፓስወርድም አስገቡ። ጎግል ይህን ያያል። ሰው ቤት፣ በሰው ስልክ ደጋግሞ መሞከር ነገሩን ያከብደዋል።

ቁጥሩም ነገር ነው። ሲም ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የማስመለሻ ኮዱ ታዲያ ለማን እየሄደ ነው? ቁጥር ስትቀይሩ በዚያው ቀን ኢሜሉ ላይ ቀይሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ። አውትሉክ የድሮው ሆትሜይል ነው። የደብዳቤ ቦታው 15 ጊጋባይት ነው፤ አባሪዎቹ ግን ከማይክሮሶፍት 5 ጊጋባይት ነፃ ማስቀመጫ ላይም ይቆጠራሉ። ማጣሪያው ደግሞ በእኔ ግምት የማያውቀውን ላኪ ቶሎ ይጠረጥራል። ቢሮ ለሚሠራ፣ ወርድና ኤክሴል ለሚውልበት ሰው መጥፎ አይደለም። የሥራ መጥሪያ ለሚጠብቅ ግን አልመክርም።

ያሁን የሚወዱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ከልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት ቢሊዮን አካውንት፣ ማለትም የነበረው በሙሉ፣ ተሰርቆበታል፤ ሙሉው ቁጥር የተነገረው በ2017 ነው። 1 ቴራባይት ይሰጥ የነበረውን በ2025 ወደ 20 ጊጋባይት አውርዶታል። ለ12 ወር ካልገባችሁበት ደግሞ ይዘጋል። ጂሜይል ሁለት ዓመት ይታገሳል።

ፕሮቶን ስዊዘርላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተጀመረው። ነፃው 1 ጊጋባይት ሲሆን በቀን 150 ደብዳቤ ብቻ ያስልካል። ስልክ ቁጥር ሳትሰጡ መክፈት ይቻላል። ለዋና ኢሜል ይጠብባል። እኔ ግን ሁሉንም ሰው አስከፍተዋለሁ፤ የጂሜይሉ ማስመለሻ እንዲሆን። ቢጠፋ የሚይዘው ሌላ እጅ ነው። ዓመት ሙሉ ካልገባችሁበት እሱም ይዘጋል፤ በየእንቁጣጣሹ አንዴ ግቡበት። ሐጂን በረመዳን ብያቸዋለሁ።

ጂሜይሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ ስታበሩ አሥር መጠባበቂያ ኮድ ማውጣት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ነው። ስልክም ሲምም ቢጠፋ በፓስወርዱና በአንዷ ይገባል። ስልካችሁ ላይ አታስቀምጡት። ፕሪንቱ 10 ብር፣ ላሚኔት ካስፈለገ 40። የእህቴን ልጅ በነፃ ሠርቼላታለሁ። ወረቀቱን እናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር አስቀምጣዋለች።