ላልሸጡልኝ ባትሪ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖች። ረጅም ጽሁፍ እንደማትወዱ አውቃለሁ። ግን ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ መኪና) ያለው ወይም ሊገዛ የሚያስብ፣ በተለይ ልጆች የሚያመላልስ ሰው፣ ቡናውን ይዞ ቁጭ ብሎ ያንብብልኝ።

ማመስገን የፈለግኩት አሌክሳንድሪያ ውስጥ አነስ ያለች ጋራዥ ያላቸውን መካኒክ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ «ልጄ፣ ከነስልኬ ከለጠፍሽኝ ሥራ ታስፈቺኛለሽ» ስላሉኝ ነው። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አድራሻውን እሰጣለሁ።

ባለፈው ኦገስት ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ልጆቹን ከሰመር ካምፕ አንስቼ ወደ ውድብሪጅ እየወረድኩ 95 አውራ ጎዳና ላይ እንደተለመደው ተቀርቅረናል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ድንገት ዳሽቦርዱ ላይ መሃሉ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ ሦስት ማዕዘን ቦግ አለ፣ «ቼክ ሃይብሪድ ሲስተም» የሚል ጽሁፍም መጣ። ትልቁ ልጄ ከኋላ ሆኖ «ማሚ፣ ሊፈነዳ ነው?» አለኝ። እኔም በልቤ የምጠይቀው እሱኑ ነበር። እንደምንም ቤት ደረስን።

በነጋታው በቅርብ ያገኘሁት ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አላነሳም። ልጁ ማሽኑን ሰካ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። ትልቁን ባትሪ ማለቱ ነው። ዋጋው 3,800 ዶላር፣ ዛሬ ከወሰንኩ 3,500። መኪናዬ የ2015 ቶዮታ ፕሪየስ ናት። በዚያ ዘመን ሞዴል የፋብሪካው የሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው ይይዛል፤ የእኔዋ ሁለቱንም አልፋለች። (ከ2020 ሞዴል ወዲህ ቶዮታ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ስላደረገው፣ አዲስ ያላችሁ ወረቀታችሁን እዩ።) ስለዚህ ወጪው ከኪሴ ነው። «ዛሬ ከወሰንሽ» የምትለዋ ነገር ግን ጆሮዬ ላይ ቀረች። ባትሪ የሞተ እንደሆነ ነገም ሙት ነው፣ ምን ያስቸኩለዋል? ላስብበት ብዬ ወጣሁና ለጋሼ ደወልኩ። አላነሱም። ጋሼ ስልክ አያነሱም፣ ይህን ከአሁኑ እወቁት። አመሻሽ ላይ ራሳቸው ደውለው «ነገ በጠዋት ነይ፣ ለማንም ምንም እንዳትከፍዪ» አሉኝ።

የእሳቸው ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ የግማሾቹ ቁልፎች ፊደል ጠፍቷል። ሰክተው ዝም ብለው አዩና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። «አንብቢው ልጄ።» ፒ0ኤ82 የሚል የብልሽት ኮድ ነው። «ባትሪው ራሱ ቢሆን ፒ0ኤ80 ነበር የሚለው። ይቺ 82 የባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን ናት። በ80 እና በ82 መሃል ስንት ሺህ ዶላር እንዳለ አየሽ?»

ወፍራም የጎማ ጓንት አደረጉ። ሻንጣ መጫኛውን ከፍተው ከውስጥ ብርቱካናማ እጀታ ያለው መሰኪያ ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱት። ኪስ ውስጥ ለምን? «እጄ እዚያ ውስጥ እያለ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው» አሉ። ባትሪው ከ200 ቮልት በላይ ነው፣ ቀልድ አያውቅም። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሰዓታቸውን አዩ። ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ 10 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ረዳታቸው ሻይ አመጣልን። እኔ ከሥራ ስለቀረሁ ተቁነጥንጫለሁ፣ እሳቸው ግን ደቂቃው ሳይሞላ ንቅንቅ አላሉም።

የኋላ መቀመጫውን ጎን ፈትተው ፋኑን አወጡት። ከልጄ መቀመጫ አጠገብ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ወንፊት የመሰለች የአየር ማስገቢያ አለች። እኔ እስከዚያ ቀን የራዲዮኑ ስፒከር ናት ብዬ ነው የማውቃት። ልጆቹ ጃኬቱንም ቦርሳውንም የሚከምሩት እሷ ላይ ነው። ለካ ባትሪው የሚተነፍሰው በእሷ በኩል ኖሯል! ፋኑ ላይ የተጠቀለለው አቧራና ፀጉር ባዘቶ ነው የሚመስለው፤ እናቱ ስትፈትል ያየ ሰው ይገባዋል። ከወንፊቷ ሥር ደግሞ ጋሼ በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር ለቀም አድርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የገብስ ቆሎ። «መኪናሽ ጾም አትይዝም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፋኑን በብሩሽና በአየር አጽድተው መልሰው ገጠሙት። ባትሪው የተሠራው ከ28 ሞጁል፣ ማለት ከ28 ትንንሽ ባትሪ ነው፣ ላፕቶፑ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ 14 ቁጥር ያሳያል። እኔ እየነዳሁ እሳቸው ከጎኔ ቁጥሮቹን እያዩ፣ «ርገጪ»፣ «ፍሬን ያዢ» እያሉኝ ዱክ ስትሪትን ዞረን ተመለስን። ከ14ቱ አንዱም ከሌላው ተለይቶ አልወረደም። «ዕድሜዋን እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ዛሬ ግን አልታመመችም» አሉኝ። የከፈልኩት 140 ዶላር ነው። ይኸው እስከዛሬ ያ ቀይ መብራት ተመልሶ አልመጣም።

ስለ ባትሪ ካነሳሁ አይቀር፣ የእውነት ባትሪው የሞተባችሁ ካላችሁ የጋሼን ምክር ላስተላልፍ። «የሞተውን አንድ ሞጁል ብቻ በአሮጌ ቀይሬ በርካሽ እሠራልሻለሁ» የሚል ብዙ አለ። እሳቸው ይህን ሥራ አይሠሩም። «ያረጀ ጥርስ ነው። አንዱን ስትነቅዪው ጎረቤቱ መነቃነቅ ይጀምራል» ነው የሚሉት። ሁሉም እኩል ያረጁ ስለሆኑ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ይከተላል፣ እንደገና የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ከተቀየረ አይቀር ሙሉውን፣ ያውም አዲስ።

ጋሼን ያወቅኳቸው በ2021 ነው፣ ይቺን መኪና ሳልገዛ። ያኔ የምነዳት ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤስዩቪ በጋሎን ከ19 ማይል አትዘልልኝም። በየቀኑ ከውድብሪጅ አሌክሳንድሪያ ደርሶ መልስ፣ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፤ ደሞዜን ማደያ ላይ ነበር የማፈሰው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ2011 ፕሪየስ አገኘሁ። ቀለሙ መስታወት፣ ውስጡ ንጹህ፣ ዋጋው ከሌሎቹ 2,000 ዶላር ያነሰ። ታክሲ የሚሠራው ያጎቴ ልጅ «ሳታሳዪ እንዳትገዢ» ብሎ ከጋሼ ጋር አገናኘኝ።

አብረን ሄድን። ሰውዬው መኪናውን አስነሥቶ፣ ኤሲ ከፍቶ ነው የጠበቀን። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ኮፈኑን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። «ቁርሷን ቀድሞ አብልቷታል» አሉኝ ቀስ ብለው፤ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆታል ማለታቸው ነው። ከዚያ ለሰውዬው በትሕትና፣ ነገ ጠዋት እንመጣለን፣ እስከዚያ እንዳታስነሣት ብለውት ተመለስን። እኔ በግኛለሁ። ሌላ ሰው ይወስድብኛል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በነጋታው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እዚያ ነን። ሞተሩ ሲነሣ መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈች። አሥር ሰከንድ ያህል ነው፣ ከዚያ ጸጥ አለች። እኔ «ብርድ ነው» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ጋሼ የሞተሩን ውኃ ማጠራቀሚያ አሳዩኝ፤ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል። «ውኃዋን እየጠጣችው ነው። ቴስታታዋ ጋ ችግር አለ።» ቴስታታ የሚሉት እዚህ አገር ሄድ የምንለውን ነው። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ስለሆነ ዕቃውን ሁሉ በጣልያንኛው ነው የሚጠሩት። ከሄዱ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ሲበላ መኪናው በቆመበት ውኃው ወደ ሲሊንደር ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ሲነሣ ያንዘፈዝፈዋል። ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ፕሪየሶች የታወቀ በሽታ ነው። ሰው ሁሉ «ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል?» ይላል፤ እነዚህን ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ጉድ የሚያደርጋቸው ግን ተራው ሞተር ነው። ለሁለት ቀን ምልልስ ያስከፈሉኝ 60 ዶላር ብቻ ነው። ያ ሰውዬ መኪናውን በኋላ ለማን እንደሸጠው ሳስብ ያሳዝነኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ይቺን የ2015 አገኘን፣ 71,000 ማይል የሄደች። በቀዝቃዛው አስነሥተው አዳመጧት፣ ከሥር ገቡ፣ ወጡ። «ግዢያት። ግን ኢጂአሯን እናጸዳለን።» ኢጂአር የሚባለው ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መስመር ነው። ሲያወጡት አየሁት፤ የገጠር ማድቤት ጣሪያ ጥቀርሻ ነው የሚመስለው። እሱ ሲደፈን ሞተሩ ውስጥ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያ ሙቀት ነው ዞሮ ዞሮ ጋስኬቱን የሚበላው ይላሉ። የዚያን ዕለት የነገሩኝን አልረሳውም፦ «ይቺ መኪና ሞተሪኖ (ስታርተር) የላትም፣ ዴናሞ (አልተርኔተር) የላትም፣ ቺንጋ (ቤልት) የላትም፣ ፍሪሲዮን (ክላች) የላትም። እኛ ድሮ እንጀራ የበላንባቸው ዕቃዎች ሁሉ የሏትም። እንግዲህ ያላትን ጥቂት ነገር ጠብቂላት። ዘይቷን፣ ኢጂአሯን፣ የባትሪ ፋኗን።» የባትሪ ፋን ያሉኝን እሺ ብዬ በዚያው ረሳሁት፤ መጨረሻው ቆሎ ሆነ።

መኪናዋ እንዴት ናት ለምትሉኝ፣ በወረቀት በጋሎን 50 ማይል ነው የሚሉት። እኔ ሰመር ላይ 47፣ 48 አገኛለሁ። ዊንተር ላይ ሞተሩ ለማሞቂያው ሲል ቶሎ ቶሎ ስለሚነሣ ወደ 42 ይወርዳል። የማደያ ወጪዬ ግን ከግማሽ በታች ሆኗል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋን ጉልበት ኤሌክትሪክ ሞተሩ መልሶ ወደ ባትሪ ስለሚያስገባው የፍሬን ሸራው አያልቅም፤ በየዓመቱ ለቨርጂኒያው ኢንስፔክሽን ስወስዳት ከግማሽ በላይ አለ ነው የሚሉኝ። ሁለት የልጆች መቀመጫ በደንብ ትይዛለች። ሦስተኛ ልጅ ያላችሁ ግን ሌላ ነገር ፈልጉ፣ ትጠባለች።

እናቴ ከደሴ የመጣች ሰሞን ከደለስ ኤርፖርት ይዣት ስመጣ የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ጸጥ ሲል «ልጄ፣ ጠፋብሽኮ!» ብላ አማተበች። አልጠፋም እማዬ፣ እንደዚህ ነው ብላት አላመነችም። ሲበራ፣ ሲጠፋ፣ ቤት እስክንደርስ በየመብራቱ እመቤቴን ስትጠራ መጣች። ለአንድ ወር ያህል ከመውረዷ በፊት «አሁን ጠፍቷል ወይስ ዝም ብሎ ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር።

ሌላም ውለታ ውለውልኛል። አንድ የጃንዋሪ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ መኪናዋ ጭራሽ ድርቅ ብላለች፣ መብራት እንኳ የለም። ትልቁ ባትሪ ነው ብዬ ማልቀስ ቀረኝ። ያን ቀን እንደ ተአምር ስልኩን አነሱ። «ትንሿ 12 ቮልት ናት። ከኋላ ነው ያለችው፣ የኋላ በሩ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይከፈትልሽም። ኮፈኑን ክፈቺ፣ የፊውዙን ሳጥን ክዳን አንሺ፣ ቀይ መሸፈኛ ያለው የገመድ መግጠሚያ ታገኛለሽ።» ጎረቤቴን ገመድ ለምኜ እሳቸው በስልክ እየመሩኝ አስነሣሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ለዚህ አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም።

የካታሊቲክ ኮንቨርተር (ከመኪናው ሥር ያለው የጭስ ማጣሪያ) ስርቆቱንም ታውቁታላችሁ፣ አሮጌ ፕሪየስ የሌባ ሲሳይ ነው። የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ላይ የጎረቤቴን ቆርጠው ከወሰዱባት ወዲህ ጋሼ ከሥር የብረት መከላከያ ገጥመውልኛል። ቆራጭን ጨርሶ አያግደውም፣ ግን ጊዜውን ያባክንበታል።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለዚያ ዘመዴ ይመስሏችኋል። ቀጠሮ ላይ አይታመኑም፤ 3 ሰዓት ካሉ 5 ሰዓት ነው። መጠበቂያው ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ አንዷ ትወዛወዛለች። ሌላ ቦታ የተነገራችሁን ይዛችሁ ልትከራከሯቸው ብትሞክሩ ፊታቸው ይጠቁራል። የማይችሉትን ግን አልችልም ይላሉ፤ አንድ ጊዜ የኤርባግ ሪኮል ደብዳቤ ይዤ ብሄድ «ይሄ በነፃ የሚሠራው ዲለር ጋ ነው፣ እዚያ ውሰጂው» ብለው መለሱኝ።

እሁድና በትልልቅ በዓላት ዝግ ናቸው። መኪና ልትገዙ ከሆነ ለሻጩ ማታውኑ እንዳያስነሣት ንገሩት፣ ጋሼን ከሁለት ቀን በፊት ያዙ፣ ከደወላችሁ በኋላ ደግሞ አጭር መልእክት ላኩላቸው። ያላችሁን መኪና ልታስመረምሩ ከሆነ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን በደንብ ጥረጉ፤ ቆሎ ካገኙ የእኔን ታሪክ ከነሳቁ እንደገና ይነግሯችኋል።