ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ፦ ቤታችሁ ከውሃው ፊት ይሁን ወይስ ከኮረብታው ላይ?

በትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከውሃው ፊት ለፊት ባለው ላይ ነው። አይፈረድበትም። መስኮት ከፍቶ ባሕር ማየትን ማን ይጠላል? ለመኖር ከሆነ ግን እኔ የምለው ገባ ብላችሁ፣ ከፍ ካለው ቦታ ግዙ ነው። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ባሕሩ የትም አይሄድባችሁም። አመሻሹ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ መውረድ ትችላላችሁ። በትልቅ ከተማ ይሄ አይሠራም፤ መሀል ላይ ትራፊክ ይገባል።

ዋናው ጉዳይ ጨው ነው። ማዕበል ሲሰበር ጥቃቅን ጠብታ ይረጫል። ነፋሱ ተሸክሞ ፊት ለፊት ያለው ቤት ላይ ይለጥፈዋል። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ፊት ለፊት ባለው ቤት የተወለወለ መስታወት ቶሎ ይደበዝዛል፣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፣ ቁልፍ አልዞርም ይላል፣ የኤሲው የውጭ ማሽን ያለ ዕድሜው ይበላል። የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ጨው ኮንክሪቱን ሰርጎ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ስለዚህ ሳሎን ቆማችሁ ባሕሩን ከማድነቃችሁ በፊት በረንዳው ሥር ገብታችሁ ቀና በሉ። ቡናማ እድፍ፣ በፌሮው መስመር የሄደ ስንጥቅ ወይም የተላቀቀ ልስን ካያችሁ በቀለም የሚያልፍ ነገር አይደለም። የመደገፊያውን ብረት ደግሞ ብየዳው ላይ እዩት፤ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሻጩ «ስቴንለስ ነው» ካለ ዓይነቱን ጠይቁ። 304 የሚባለው ባሕር አጠገብ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። 316 ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ጨውን የተሻለ ይችላል።

ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። የዓለም የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። አውሎ ነፋስ ከባሕሩ ሙላት፣ ማለትም ውሃው በየዕለቱ ከፍ ከሚልበት ሰዓት ጋር ሲገጥም ግን ውሃው ደጃፍ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ወይም ሳሎን ገብቶ እንደሆነ የሚለየው ያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ሙላቱ የሚበረታው ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ሄዳችሁ ውሃው የት እንደሚደርስ በዓይናችሁ እዩ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊትም የጎርፍ ኢንሹራንሱን ጠይቁ። በኢንሹራንሱ የተነሳ ስሌቱ የሚገለበጥበት ቤት አለ።

ነፋስን በተመለከተ ፊት ለፊቱ ይበልጣል። ቀን የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ቀዝቃዛው አየር ከባሕር ወደ መሬት ይነፍሳል፤ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው። ኮረብታውም ክፍት ከሆነ ድርሻውን ያገኛል። ተጎጂው መሀል ላይ ያለው ዝቅ ያለ ሰፈር ነው። ነፋሱም እይታውም ይከለልበታል፣ ውሃ ሲመጣ ግን ይደርሰዋል። እሱን ተዉት።

ኮረብታውም ዋጋ ያስከፍላል። አስቤዛ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አለ። ጉልበታችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ወይም አረጋውያን ወላጆች አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ደግማችሁ አስቡ።

እኔን ወደ ኮረብታው የሚያደላኝ ግን ጎረቤት ነው። ፊት ለፊት ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ የእንግዳ ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ መስኮቱ ሁሉ ይጨልማል። ከላይ ያለው ሰፈር ዓመቱን ሙሉ መብራት አለው፤ አስተማሪውም፣ ነርሷም፣ ዓሣ አጥማጁም እዚያ ናቸው። ትንሽ ከተማ የሚወደደው ለዚህ ነው። ጀልባዎቹ በጠዋት ሲገቡ ዓሣ ሻጯ ስማችሁን ጠርታ የዛሬው የትኛው እንደሆነ ትነግራችኋለች። ሁለት ቀን ካልታያችሁ «ምነው ጠፋችሁ?» የሚል አይጠፋም።

የምትገዙት ለእንግዳ ለማከራየት ከሆነ ፊት ለፊቱን ያዙ፤ እንግዳ የሚከፍለው ለእይታው ነው። የጥገናውን ወጪ ግን ከኪራዩ ላይ ቀንሳችሁ አስሉ። ለጥቂት ቀን ለመዝናናት የምትሄዱም ያለ ሐሳብ ከውሃው ፊት ተከራዩ፤ ዝገቱ የባለቤቱ ጣጣ ነው። ለመግዛት ገና ካልቆረጣችሁ ደግሞ ሰው በሚሳሳበት ወቅት አንድ ወር ከኮረብታው ተከራይታችሁ ኑሩ። የትኛው ሱቅ እንደሚዘጋ፣ ሐኪም ቤቱ ማታ ሰው እንዳለው፣ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ የምታውቁት ያኔ ነው።