ዴቢያን ወይስ ሊኑክስ ሚንት? ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሊኑክስን (በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሲያስብ ብዙ ጊዜ ዴቢያንና ሚንት የተባሉት ዓይነቶቹ ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ይዛመዳሉም፦ ሚንት የተሠራው በኡቡንቱ፣ ኡቡንቱ ደግሞ በዴቢያን ላይ ነው። ለግል ላፕቶፕ ሚንትን፣ ለሰርቨር ዴቢያንን እንመርጣለን።

ልዩነቱ ገና ሲጫኑ ይታያል። ዴቢያን የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ ፓስወርድ ይጠይቃል። ከሞሉት የእርስዎ አካውንት የሱዶ (እንደ አስተዳዳሪ የመሥራት) ፈቃድ አያገኝም፤ በኋላ ፕሮግራም ልጫን ሲሉ ይከለከላሉ። ባዶውን ካለፉት ፈቃዱ ለእርስዎ ይሰጣል። ይህ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛው ሰው ግን የፓስወርድ ሳጥን ሲያይ ይሞላዋል። አስተዳዳሪንና ተጠቃሚን መለየት ብዙ ሰው ለሚገባበት ሰርቨር ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ለአንድ ሰው ላፕቶፕ ግን ጣጣ ነው። ሚንት ጥያቄውን ጭራሽ አያነሳም።

የዴቢያን ትንሹ መጫኛ፣ ኔትኢንስት፣ ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፤ ቀሪውን እየጫነ ያወርዳል። መሃል ላይ ኢንተርኔት ከጠፋ ዴስክቶፕ የሌለው ጥቁር ስክሪን ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። ሚንት 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ አንዴ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ካሰፈሩት ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ሳይጭኑትም ከፍላሹ ይነሳል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት አስነስተው ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን ይሞክሩ። (ዴቢያንም ለዚህ የሚሆን ላይቭ ቅጂ አለው።)

ዋይፋይ ላይ ዴቢያን ተሻሽሏል፤ ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ (ካርዱ ራሱ የሚፈልገው ፕሮግራም) ከመጫኛው ጋር ይመጣል። የሚያስቸግሩት አንዳንድ የብሮድኮም ኩባንያ ዋይፋይ ካርዶች ናቸው፤ ድራይቨራቸው (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ለብቻ ይጫናል። የሚንት ድራይቨር ማኔጀር ግን ከዚያው ፍላሽ ላይ ወስዶ ሊጭነው ይችላል።

የሚንት ምቾትም አደጋ አለው። ታይምሺፍት የተባለው ፕሮግራሙ የሲስተሙን ቅጂ እያስቀመጠ፣ ችግር ሲመጣ ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቅጂ የሲስተሙን ያህል ቦታ ይይዛል። ትንሽ ዲስክ ላይ ብዙ ቅጂ ካስቀመጡ ዲስኩ ሞልቶ ዴስክቶፑ መግባት እምቢ ይላል። 2 ዕለታዊና 1 ሳምንታዊ ይበቃል። የግል ፋይሎችዎን በነባሪው አይጨምርምና እነሱን ለብቻ ይገልብጡ።

ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ በሁለቱም ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ (Xfce) ዴስክቶፕ ይምረጡ። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ-ኤም17ኤን (ibus-m17n) የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጭነው፣ ወጥተው እንደገና ይግቡና አማርኛን ይጨምሩ።