«ድሮም ስብር ነበረች» ሲሏችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ

ከትናንት ወዲያ የሆነ ነው። ደሜ ገና አልበረደም፤ ቢዘበራረቅብኝ ይቅርታ።

ጋራዡ መሀል ከተማ ነው፤ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተደርድሯል፣ መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል፣ ባለቤቱ ስልኩን በትከሻው ጆሮው ላይ ደግፎ በእጁ «ግባ ግባ» ይላል። ኮፈኑን ሳይከፍት «ቀላል ናት» አለኝ። ኮፈን ሳይከፈት «ቀላል ናት» ተብሎ ደስ ያለው ሰው ምን ይባላል? እኔ።

መኪናዬ የአባቴ የነበረች አሮጌ ኮሮላ ናት። ሰሞኑን ስትነሳ ቱፍ ቱፍ ቱፍ ትላለች። ቦሎ ደርሶብኛል፣ በዚህ ድምፅ ምርመራ መግባት ደግሞ ያሳፍራል። ጭሱ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ጋ ሳይደርስ ከሞተሩ መጋጠሚያ፣ ጭሱን ከሞተሩ ከሚቀበለው ማኒፎልድ ሥር ነው የሚያፈተልከው። መጋጠሚያውን የምትደፍነው ስስ ንጣፍ፣ ጓርኒሲዮኗ፣ ተበልታለች። ማኒፎልዱን ፈትቶ፣ ጓርኒሲዮኗን ቀይሮ፣ መልሶ መግጠም ነው። በ4,000 ብር ተስማማን። ጓርኒሲዮኗን ራሴ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መጣሁ። ግማሹን፣ 2,000 ብር፣ እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁለት። ለልጆቹም ለስላሳ ገዛሁ። አዎ፣ ለስላሳ።

እዚያ ቦታ ያለ ብሎን እንዴት እንደሚዝግ መኪና ያለው ያውቀዋል። ሞተሩ ሲሠራ ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ክረምት የመንገዱ ጎርፍ ይረጨዋል። ዓመት ዓመትን ወልዶ እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ብሎኗ ብረት ናት፣ የተቀረቀረችበት ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፤ ዝገቱ እንደ ሲሚንቶ ያጋግራቸዋል።

አምስቱ ብሎኖች ወጡ። ከታች በኩል ያለችው ስድስተኛዋ እምቢ አለች።

ረዳቱ ልጅ፣ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላቱን እንጃ፣ «ጋሼ፣ ናፍጣ እናጠጣትና ነገ ጠዋት ብንሞክራትስ?» አለ። ግቢው ውስጥ ሥራ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የዛገ ብሎን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቶ ማሳደር፣ ራሷን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ ማድረግ፣ መጀመሪያ ትንሽ ማጥበቅ ከዚያ መፍታት። ካልሆነም ዙሪያዋን በእሳት ማጋል፤ አሉሚኒየም ሲግል ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ይላላላታል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ አጠገብ ቁልፍ እያቀበልኩ ያየሁት ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ባለቤቱ ልጁን ገላመጠው። «አንተ ሂድ ዕቃ እጠብ! ደንበኛው ቸኩሏል።»

አልቸኮልኩም ነበር። ዝም አልኩ።

ከመሬት አንድ የውሃ ቧንቧ ብጣሽ አነሳ። 12 ቁጥር ቁልፉን ብሎኗ ላይ አስገባና ቧንቧውን ጭራው ላይ ሰካው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር የነበረው ቁልፍ አንድ ሜትር ሲሆን የዚያው ሰውዬ ክንድ አምስት እጥፍ ይጠመዝዛል። የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ደግሞ የጣት ያህል እንኳ አትወፍርም። እዚህ ላይ «ተው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ፊደል ናት።

«እዚህ ጋ አይታይም» አለ። እኔም ስልኬን አውጥቼ አበራሁለት! የመኪናው ባለቤት፣ ከፋዩ፣ ጧፍ እንደያዘ ዲያቆን አጎንብሼ የራሴን ብሎን ማሰበሪያ መብራት ያዝኩ።

መጀመሪያ ሲጥ አለች። ሲጥ ጥሩ ድምፅ ነው፣ ዝገቱ መላቀቅ ሲጀምር ነው። እዚያ ላይ አቁሞ ዘይት ቢያጠጣት፣ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያለ ቢያለማምዳት ትወጣ ነበር። እሱ እቴ! ቧንቧው ላይ ተንጠለጠለ። ቁልፉ መዞር ጀመረ፤ ልስልስ ብሎ፣ ሊጥ ውስጥ እንደገባ። «መጣች! መጣች!» አለ። እኔም ከላይ ሆኜ «መጣች!» አልኩ። የዛገ ብሎን ግን ሲፈታ እየጮኸ፣ እየነጠረ ነው እንጂ እንደዚያ ለስልሶ አይደለም። እየዞረች አልነበረም፣ እየተጠመዘዘች ነበር።

ቀጭ።

ቧንቧው ከእጁ አምልጦ ራዲያተሩን ገጨው። የብሎኗ ራስ ካንገቷ ጋር ተንከባልላ ጫማዬ ሥር ቆመች። ሌላው አካሏ ቴስታታው ውስጥ ቀረ።

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት፣ «አየህ? ድሮም ስብር ነበረች። ከኔ በፊት የነካካት መካኒክ ነው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ለብ ትላለች። የተሰበረው ፊቷ እንደ አዲስ ምላጭ ያበራል። ድሮ የተሰነጠቀ ብረት ስንጥቁ ውስጥ ዝገት ይገባና ቡናማ ይሆናል። ይቺ ጥርት ያለች ናት።

«ይኸው ያበራል እኮ» አልኩት።

«መካኒክ ነህ?»

«አይደለሁም፣ ግን...»

«እ?» ብሎ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ዩቲዩብ አይቶ ነው።» ሳቁ። የገዛሁላቸውን ለስላሳ እየጠጡ ሳቁ። ልጁ ብቻ በቤንዚን ዕቃ እያጠበ አንገቱን ደፋ።

የቀረውን ላሳጥረው። በድሪል እበሳታለሁ አለ። መሀሏን በነጥብ መቺ እንኳ ምልክት ሳያደርግ ጀመረው፤ ድሪሉም ከጠንካራው ብረት ተንሸራቶ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ሄደ፣ የቀዳዳውን ጥርስ በላው። ከዚያ በግራ እየዞረ የተሰበረ ብሎን የሚያወጣውን ዕቃ አስገባና እሱንም በቧንቧው ሰበረው። ያ ዕቃ የጠነከረ ብረት ነው፣ ተራ ድሪል አይበሳውም። ስለዚህ አሁን ቀዳዳው ውስጥ ሁለት ስባሪ አለ።

«በቃ ቴስታታው ይውረድ። 22,000 ብር።»

በ4,000 ብር ገብቼ? አልኩ። ምሳ ቀርቦለት ነበር፤ እየጎረሰ ነው የሚመልስልኝ። «ካልተመቸህ ጎትተህ ውሰዳት። የደከምንበትን 5,000 ከፍለህ።» ሰብሮ የደከመበትን ማለት ነው። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ ከወዲያ «የሙዚየም ዕቃ ይዞ ይጨቃጨቃል» ብሎ ጨመረ። መኪናዬ ማኒፎልዷ ወልቆ በሁለት ሌላ መኪና መሀል ተቀርቅራለች። የት እሄዳለሁ? 5,000ውን ከፈልኩ። አንድ ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ። አምስቱን ብሎን በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ስወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብያለሁ፣ አፌ ለምዶ። ማታ ተኝቼ ይሄ ቃል ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጎረቤቴ በፒክአፑ በገመድ ጎተተኝ። ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ ሽማግሌ በያጅ ጋ ወሰደኝ። ሽማግሌው መነፅራቸውን ከፍ አድርገው ቀዳዳውን አዩና «ማነው እንዲህ የወጋት?» አሉ፣ የታመመ ሰው ያዩ ይመስል። ስባሪው ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ በየዱበት፤ የብረት ብየዳ አሉሚኒየም ላይ አይያዝም፣ ስለዚህ ስባሪዎቹን ብቻ ይዞ ከፍ አለ። ጫፉ ላይ ቁልፍ የሚይዛት አንድ ዳዶ፣ ብሎን የሚጠብቅባትን ብረት፣ በየዱ። ቀላ ሲል ጠበቁ፣ ትንሽ ሲበርድ ዘይት አጠጡት፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ፣ ያለ ቧንቧ፣ ወደፊት ወደኋላ። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ወጣች። የተበላውን ቀዳዳ አስፍተው አዲስ የብረት ጥርስ አለበሱት። ቴስታታው አልወረደም። 3,000 ብር። እየሠሩ ደግሞ ሻይ ጋበዙኝ።

ምክር ካላችሁኝ ይቺው ናት፦ የዛገ ብሎን ያለበት ሥራ ከሆነ «ቢሰበር የማን ነው?» ብላችሁ ሳትነኩ በፊት ተስማሙ፣ ወረቀት ላይ ካልሆነ በስልክ ቅዱት። ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። ቧንቧ ሲያነሱ ካያችሁ መብራቱን አጥፉ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ሰውዬው ነው። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ልቤ ደነገጠ።

«ወንድሜ፣ 12 ቁጥር ቁልፌ ጠፍቶብኛል። ኮፈንህ ውስጥ እየው እስቲ፣ ይዘኸው ሳትሄድ አልቀረህም።»

ወርጄ አየሁ። አለ። ባትሪው ሥር ተኝቷል። 7,000 ብሬን ይዞ ይምጣና ይውሰደው።